አንገት ሲያመን፦ የደከመ አንገትና የታመመ አንገት



አንገት በሰውነታችን ላይ ብዙ ቦታ አይዝም። ሥራው ግን ብዙ ነው። ጭንቅላትን ይሸከማል። ጭንቅላትን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያዞራል። የምንበላውና የምንጠጣው በእርሱ በኩል ያልፋል። ትንፋሽም በዚያው ያልፋል። ከአንጎል ወደ እጅና ወደ እግር መልእክት የሚያደርሱት ነርቮችም መንገዳቸው በአንገት በኩል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚሠራ አካል አንዳንድ ጊዜ ቢያመን አይገርምም። አብዛኛው የአንገት ሕመም የድካም ሕመም ነው። በጥቂት ቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ጥቂቱ ግን የብርቱ በሽታ ምልክት ነው። እርሱን ችላ ካሉት ይገድላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

አንገት እንዴት ተሠራ?

በአንገታችን ውስጥ 7 አጥንቶች አሉ። አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረዋል። ቀጭኔ እንኳን አንገቷ ያን ያህል ረዝሞ አጥንቶቹ 7 ብቻ ናቸው። የበሬም እንዲሁ 7 ናቸው።

በአብዛኞቹ አጥንቶች መካከል እንደ ትንሽ ትራስ ያለ ለስላሳ ነገር አለ። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ ይጠብቃል። ጡንቻዎችና ጅማቶች ደግሞ አጥንቶቹን እንደ ገመድ አጥብቀው ይይዛሉ። ጎጆ በማገርና በልጥ ተይዞ እንደሚቆም ሁሉ አንገትም በጡንቻና በጅማት ተይዞ ይቆማል።

የአንድ አዋቂ ሰው ጭንቅላት እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ማለት ነው። አንገት ይህን ሸክም ከጧት እስከ ማታ አያወርድም።

ለምን ያማል?

ሰው አንገቱን ሲያመው ብዙ ነገር ይላል። «ብርድ መታኝ» የሚል አለ። «ዓይን በላኝ» የሚል አለ። «አተኛኘቴ ነው» የሚልም አለ። አዎ፣ አተኛኘት አንገትን ሊያሳምም ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ የዕለት ሥራችን ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ውሃ የሞላ ጣሳ በእጃችሁ ያዙ። መጀመሪያ ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ያዙት። አይከብድም አይደል? አሁን ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ያንኑ ጣሳ ያዙት። ጥቂት ቆይቶ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ጣሳው አልጨመረም፤ ውሃውም አልጨመረም። የጨመረው ከሰውነታችሁ የራቀበት ርቀት ነው።

ጭንቅላትም እንዲሁ ነው። ቀጥ ብለን ስንቆም ጭንቅላት በአንገት አጥንቶች ላይ ይቀመጣል። ስናቀረቅር ግን ወደ ፊት ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ የማጅራት ጡንቻዎች ገትረው ይይዙታል። ለጥቂት ጊዜ ቢሆን ምንም አይደለም። ከጧት እስከ ማታ ሲሆን ግን ጡንቻው ይደክማል፤ ይደርቃል፤ ያማል።

አሁን የገጠሩን ሥራ እናስብ። ጤፍ የሚያርም ሰው ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ይውላል። የሚያጭደውም እንዲሁ። ገበሬ ሞፈርና ቀንበር በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ ሲያርስም ዓይኑ ከማረሻው ጫፍ አይነሳም። ሴቶች ደግሞ ውሃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይሸከማሉ፤ ይወቅጣሉ፤ በምጣድ ላይ ጎንበስ ብለው ይጋግራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ያም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። እናንተ አዲስ አንባቢዎች ልብ በሉ። መጽሐፉን መሬት ላይ ዘርግቶ በኩራዝ ብርሃን አቀርቅሮ ማንበብ አንገትን ያደክማል። የእጅ ስልክ ጭን ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ማየትም እንዲሁ ያደርጋል። ሐሳብና ጭንቀትም ትከሻን ያኮማትራሉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመሙ ይብስበታል።

የበሬው ጫንቃና የሰው አንገት

ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ አንገቱን አሞት ከባለቤቱ ጋር ወደ ጤና ኬላ ሄደ እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወጣት ናት። ንግግራቸው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«አንገቴን ያዘኝ፣ ልጄ። ይኸው አራት ቀኑ። ወደ ቀኝ መዞር አቃተኝ።»

«ትኩሳት አለዎት? እጅዎን ይደነዝዝዎታል? ወድቀው ነበር?»

«ኧረ የለም። ሰሞኑን አረም ላይ ነን።»

«በሬዎ ጫንቃው ቢላጥ ምን ያደርጋሉ?»

«ይሄማ ይጠየቃል? ቀንበሩን አያለሁ። ሻካራ ከሆነ እጠርበዋለሁ። በሬውንም አሳርፈዋለሁ።»

«ለራስዎ አንገትስ እንዲህ አድርገው ያውቃሉ?»

ገበሬው ሳቀ። «እውነትሽን ነው» አለ።

ሠራተኛዋ ወደ ባለቤቱ ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?»

«እኔማ ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ! ሌሊት ትራስ ላይ ማረፍ አቅቶኛል። ማን ጠይቆኝ ልናገር?»

ገበሬው ደነገጠ። «ምነው አልነገርሽኝም?» አላት።

«መቼ ዕረፍት አገኘሁና ልንገርህ? ከወንዝ ስመለስ አንተ ተኝተሃል።»

እንዲህ ያለው ነገር በስንት ቤት አለ? የበሬው ጫንቃ በየጧቱ ይታያል። የእናትየው አንገት ግን ሳይታይ ዓመት ያልፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገር ግን የሚጠይቅ ከሌለ የሚደብቀውም ይበዛል።

የደከመ አንገት ምን ይሻለዋል?

የደከመ አንገት ምልክቱ ይህ ነው። ሕመሙ በማጅራትና በትከሻ ላይ ነው። ስንዞር ወይም ስንሸከም ይብሳል፤ ስናርፍ ይቀላል። ትኩሳት የለውም። እጅና እግር አይደነዝዙም። ለዚህ ያለው መላ ከባድ አይደለም።

1ኛ/ ጨርሶ አትተኙ። ከባድ ሥራን ለጥቂት ቀናት ቀንሱ እንጂ አንገታችሁን እንደ እንጨት አታድርቁት። ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ አንገት ቶሎ ይድናል።

2ኛ/ አንገታችሁን አፍታቱ። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። ቀስ ብላችሁ ወደ ቀኝ ዙሩ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ቀኝ ጆሯችሁን ወደ ቀኝ ትከሻ አዘንብሉ፤ ከዚያ ግራውን ወደ ግራ። ትከሻችሁን ወደ ላይ አንሡና መልሱት። እያንዳንዱን 5 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አድርጉ። በሬዎቹ ሲያርፉ እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ። ጎትቱ፣ አጣሙ ግን አልተባለም። ብርቱ ሕመም ከመጣ አቁሙ።

3ኛ/ ሙቀት ስጡት። ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል አድርጉ። ቆዳ እንዳያቃጥል በእጃችሁ ሞክሩት።

4ኛ/ መድኃኒት ካስፈለገ ጠይቃችሁ ውሰዱ። ፓራሲታሞል ሕመም ያስታግሳል። ባለ 500 ሚሊግራሙን አዋቂ ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት ከ8 ፍሬ በላይ ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። ከበዛ ጉበትን ይጎዳል። ጉበቱን የሚያመው ወይም መጠጥ የሚያዘወትር ሰው ከዚህም ያነሰ ሊታዘዝለት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ። እንደ ዲክሎፍናክ ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። እርጉዝ ሴትና ጨጓራውን የሚያመው ሰው የጤና ሠራተኛ ሳያማክሩ አይውሰዱ። «ጎረቤቴን አድኖታል» ብሎ መውሰድ አይገባም።

5ኛ/ አተኛኘታችሁን አስተካክሉ። ትራሱ በጣም ከፍ አይበል፤ በጣምም ዝቅ አይበል። በጎን ስትተኙ አንገታችሁ ከጀርባችሁ ጋር እኩል ይሁን። በሆድ መተኛት አንገትን ያጣምማል።

ሸክሙንና ሥራውን ማስተካከል

መድኃኒትና ሙቀት ሕመሙን ያስታግሳሉ። ሥራው ያው ከሆነ ግን ሕመሙ ይመለሳል። ስለዚህ ቀንበሩን ማየት ያስፈልጋል።

— ባለ 20 ሊትር ከከበደ በ10 ሊትር ጀሪካን ሁለት ጊዜ መመላለስ ይሻላል። አህያ ካለ ይጫን።

— ሸክሙ ከጀርባ ጋር ይጣበቅ። ማዘያው ገመድ ቀጭን ከሆነ ሥጋ ይቆርጣል። በሰፊ ጨርቅ ወይም ጠፍር ይለወጥ።

— ሸክም ሲነሣ ሁለት ሰው ይርዳዳ። ብቻውን የሚያነሣ ሰው ጉልበቱን አጥፎ ይነሣ እንጂ ወገቡንና አንገቱን አጉብጦ አይጎትት።

— ሞፈር በአንድ ትከሻ ብቻ አይሁን። መንገድ ላይ ትከሻ ይቀያየር።

— አረም ላይ ጥቂት ከሠራችሁ በኋላ ቀና በሉ። ትከሻችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ አሥር ጊዜ ተንፍሱ። ሥራ አይፈታም፤ ጉልበት ይታደሳል።

— ምድጃው ወይም ምጣዱ በጭቃና በድንጋይ ከፍ ቢል የምትጋግረው ሴት ማቀርቀሯ ይቀንሳል።

— ስታነቡ መጽሐፉን ከፍ አድርጉ። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ በላዩ ብታደርጉት ወይም በጆንያ ላይ ብታስቀምጡት ይበቃል። ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉ። አንድ ገጽ ሲያልቅ ቀና በሉ።

— ለሕፃናት ከአቅማቸው በላይ አታሸክሙ። አጥንታቸው ገና አልጠናም።

ከሁሉ በላይ ግን ሸክሙን መካፈል ይበልጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ወቀጣውና ጋገራው ሁሉ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ከሆነ የትኛውም እሽት አያድናትም። አባትም ወንድ ልጅም ጀሪካን ቢያነሡ ክብራቸው አይቀንስም። የቤታቸው ጉልበት ግን ይጨምራል።

ስለ ወጌሻ

ብዙ ሰው አንገቱን ሲይዘው ወደ ወጌሻ ይሄዳል። በቅቤ ወይም በቅባት ቀስ አድርጎ ማሸት የደከመን ጡንቻ ሊያፍታታ ይችላል። ይህ ነውር የለበትም።

ነገር ግን አንገትን በድንገት ማዞር፣ ማንቋቋት ወይም መጎተት አደገኛ ነው። ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች በአንገት በኩል ያልፋሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢቀደድ ሰው ሽባ ሊሆን ወይም ሊሞት ይችላል። ማጅራትን በእሳት መተኮስም ቁስል ይተዋል እንጂ በሽታ አያድንም። ትኩሳት ያለበትን፣ የወደቀን ወይም እጁ የደነዘዘን ሰው ወጌሻ አንገቱን አይንካው። ጥሩ ወጌሻም ይህን ሲያይ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት» ይላል።

ማጅራት ገትር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ማጅራት ገትር የሚባለው በሽታ ስሙ ራሱ ይናገራል። ማጅራትን ይገትራል፤ እንደ ተወጠረ ገመድ ያደርቀዋል። በሽታው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ያቆስላል። ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። የዚህ በሽታ ወረርሽኝ የሚበዛበት አገር ከሴኔጋል ጀምሮ እስከ እኛ አገር እንደ መቀነት ተዘርግቷል። ወረርሽኙ በደረቁ ወራት ይበረታል። በአገራችን በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር።

ምልክቶቹን በቃላችሁ ያዙ፦

ድንገተኛ ብርቱ ትኩሳት፤
ከባድ ራስ ምታት፤
አገጭን ወደ ደረት ማጠፍ የሚከለክል የአንገት መድረቅ፤
ማስመለስ፤
ብርሃን መጥላት፤
መቃዠት፣ መፍዘዝ ወይም ማንቀጥቀጥ።

ሁሉም ምልክት እስኪመጣ አትጠብቁ። አንዳንድ ጊዜ አንገት ሳይደርቅም በሽታው ሊኖር ይችላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ደግሞ «አንገቴን» ብሎ አይነግራችሁም። ጡት እምቢ ካለ፣ ከዛለ፣ ድምፁ ከተለወጠ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ አንሥታችሁ ሩጡ።

ይህ በሽታ ካልታከመ ከታመሙት እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላል። ከዳኑትም ከ5 ሰዎች አንዱ ደንቆሮ መሆንን የመሰለ ጉዳት ሊቀርበት ይችላል። በጊዜ ከደረሰ ግን መድኃኒት አለው። የሚሰጠውም በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው። «ሌሊት ነው፣ ሲነጋ እንወስደዋለን» አይባልም። «ጠበል ይቅደም፣ ወጌሻ ይየው» አይባልም። በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊሞት ይችላል።

በሽታው ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ርጥበት ይተላለፋል። ከሕመምተኛው ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች ለጤና ሠራተኛው ይንገሩ። ክትባትም አለ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ኤ ለሚባለው የጀርም ዓይነት በዘመቻ ክትባት ተሰጥቷል። ነገር ግን ሌሎች ዓይነቶችም ስላሉ «ተከትቤያለሁ» ብሎ ምልክቱን ችላ ማለት አይገባም።

ሌሎች የአደጋ ምልክቶች

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ከታየ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሀ/ ሰው ከዛፍ፣ ከበቅሎ ወይም ከመኪና ወድቆ አንገቱን ካመመው። ይህን ሰው አታስቀምጡት፤ አንገቱን አታዙሩት። እንደ ተኛ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ያዙ። በሁለቱም ጎን የተጠቀለለ ጋቢ ደግፉበት። ብዙ ሆናችሁ እኩል አንሥታችሁ በጠፍጣፋ ቃሬዛ ውሰዱት።

ለ/ እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ከዛለ፣ ዕቃ ከእጅ ከወደቀ፣ ወይም ሽንትና ዓይነ ምድር መቆጣጠር ካቃተ። ነርቭ ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሐ/ ሕመሙ ሳምንታት አልፎት ሌሊት ካልለቀቀ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ሌሊት ካላበ። የአጥንት ቲቢ ሊሆን ይችላል። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።

መ/ ከቁስል በኋላ መንጋጋ ከተቆለፈና አንገት ከደረቀ። መንጋጋ ቆልፍ ሊሆን ይችላል።

ሠ/ ደረትን አፍኖ የያዘ ሕመም ወደ አንገት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ከወጣና ካላበ። የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

የደከመ አንገት መፍታታት፣ ሙቀትና የሸክም መቀነስ ይሻል። የታመመ አንገት ሐኪም ይሻል፤ ያውም ዛሬውኑ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ምልክቱን ቀድሞ ያወቀ ሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤት አንብቡለት። የማጅራት ገትርን ምልክቶች በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ዛሬ ማታ ደግሞ አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ውስጥ ብዙ የምትሸከመውን ሰው «አንገትሽን ያምሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሷንም ስሙ።

ጥያቄዎች

1. በሰው አንገት ውስጥ ስንት አጥንቶች አሉ?
2. ስናቀረቅር አንገታችን ለምን ይደክማል?
3. የማጅራት ገትርን ምልክቶች አራቱን ጻፉ።
4. ከዛፍ የወደቀን ሰው እንዴት ታነሡታላችሁ?
5. በእናንተ ቤት የማን ሸክም ይበዛል? እንዴት ትካፈሉታላችሁ?

የቃላት ፍቺ

ማጅራት — የአንገት የኋላ ክፍል
ነርቭ — ከአንጎል ወደ ሰውነት መልእክት የሚያደርስ እንደ ክር ያለ አካል
ህብለ ሰረሰር — በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ ዋናው የነርቭ ገመድ
ወረርሽኝ — በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ
ቃሬዛ — ሕመምተኛ የሚወሰድበት የእንጨት መሸከሚያ